የጥገኞች ዝርዝር

ከዘጌ በማለዳ ጀልባ ተሳፍራ መጥታ፣
ከትርጉም ቤቴ ስትገባ እርጥብ ጫማዋን ደጅ ትታ፣
አንጓች የወንበሩን ጫፍ ግማሹን ብቻ ነክታ፣
ፌስታሏን ገልጣ ዘረጋች፣ ከብብቷ ሥር ያቆየችውን፣
ልየው ከዊኒፔግ ልኮ እሷ እዚህ ያሳተመችውን
ቅጽ፤
አሥራ ዘጠኝ ገጽ።

ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት፤ እስከዚህ መንገዱ ሜዳ።
(አያቷ በሦስት ወረቀት ሦስት ዓይነት ፊደል ቢይዙም
ሟቹ አንድ ሰው ናቸው፤ ይህን ለማን እናስረዳ?)
«የሠርግ ፎቶ?» ብላት፣
«ፎቶማ አንሺው ጋ ቀረ፣ ቀሪ ሂሳብ ነበረበት፤
ሰማንያችን ግን ይኸው» ብላ ዘረጋች፣ የሻይ ጠብታ ያረፈበት።

«ልጁስ መቼ ተወለደ?»
«መስከረም ነው፣ ሐይቁ ሞልቶ ከሾላው ግንድ የደረሰ ዕለት፤
አባቱ መተማን ተሻግሮ ወሬው የጠፋ ሰሞን።»
በጣቴ ቆጠርሁ፤ በፈረንጁ አቆጣጠር ልክ እንዲሆን
ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ጨመርሁበት፤
ምናሉ እኛ ገና ያልደረስንበት ዓመት ላይ ተወለደ።

ደግሞ ሌላ መጣ፤
ምራቁን ዋጥ ያላደረገ ልጅ «ምራቅህን አምጣ!»
የአባቱ ልጅ መሆኑን ጥጥ መስክሮ ያጽድቅለት።
መንደሩ ጆሮውን አይቶ «ቁርጥ ልየውን!» ይለዋል፤
ለጆሮ ግን በዚህ ሁሉ ገጽ አንድ መስመር አልተተወለት።

ገጽ አሥራ አንድ ላይ፣ ሳላስበው፣
«የጥገኞች ዝርዝር» ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ባነብበው፣
እጇ ከጠረጴዛው ተነሣ።
«የምን ጥገኛ?»
«ስፖንሰሩ እሱ ነውና... አንቺና ልጁ፣ ሁለታችሁ...»
«ጥገኛ? እንደ ሆድ ትሉ?
እንደ እምቦጩ?
አምና እስከ ደረቴ ገብቼ ከአገሩ ጋር ስነቅል የከረምሁት፣
ሥሩ መሬት ሳይነካ በሰው ውሃ የሚፋፋው፣
በእሱ ስም ነው የምትጽፊኝ?»

ዝም አልሁ። ሌላ ቃል ፈለግሁ።
«በሥሩ የሚተዳደሩ» እንዳልል፣ በማን ሥር አደረች?
ጌሾ ቀጥፋ፣ ሎሚ ለቅማ፣ ጣራውን ሁለቴ አልብሳ፣
ለመንገዱ የተበደረውን፣ የደላላውን ሳይቀር፣
እስከ ሳንቲሟ የከፈለች
እሷ አይደለች?

«ልንገርሽ» አለች ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤
«እዚያም ሐይቅ አለ አሉ፤ ሲበርድ ሰው በላዩ ይሄዳል፣
እንደ ጻድቅ ሳይሆን፣ እንደ አስፋልት።
ልየው ከሥራ ገብቶ ይደውላል፣ እዚህ ሲነጋ፤
‹ስልኩን ወደ ውሃው አዙሪልኝ› ነው፤ ሌላ ወሬ የለውም።
ማዕበል ካለ ማዕበል፣ ከሌለ የይብራ ጩኸት፣
ክንዴ እስኪዝል እይዝለታለሁ፤
ማንኮራፋቱን ስሰማ እዘጋለሁ።
ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው፤ አንድ ንጋት አልዘለለም።
እስቲ አንቺ የተማርሽው፣
ከሁለታችን ጥገኛው ማነው?»

ቃሉን አልቀየርሁትም። ቅጹ የኔ አይደለም።
ግን ከታች፣ «ተጨማሪ ማብራሪያ» ከሚለው ባዶ መስመር ላይ፣
«አመልካቿ ለስፖንሰሩ በየንጋቱ
አንድ ሐይቅ ታቀርባለች» ብዬ በእንግሊዝኛ መታሁበት።
ላትም ስል መብራት ጠፋ። ማተሚያው ገጹን ከወገቡ ነክሶ ቀረ፤
የእሷ ስም ወጥቷል፣ የምናሉ ገና ከውስጥ ነበረ።

ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። ጀልባዋ ስምንት ሰዓት ትነሣለች።
ለዋጋው ሎሚ ሰፈረችልኝ፣ በነጠላዋ ጫፍ፤
አንዱን እያሻሸች፣ ወደ ሐይቁ እያየች፣
«እንዴት ነው ግን» አለች፣
«እኔም ከሄድሁ፣
ስልኩን ማን ወደ ውሃው ያዞርልናል?»

መብራቱ መጣ። ማተሚያው ከውስጥ ጉሮሮውን ጠረገ።
ሁለታችንም ቶሎ አልተነሣንም።